የጎኑ ወንበር

በሰፈሩ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከታላቅ እህቱ በቀር የሚገኝ አይመስልም። ከመካኒኩ እስከ ደላላው፣ ከጎማ ለጣፊው እስከ ቀለም ቀቢው ሁሉም ወስፌ ነው የሚሉት። የመኪና ወንበር ሰፊ ስለሆነና ወስፌ ከእጁ ስለማይለይ ብቻ አይደለም፤ ሲናገርም ይወጋል። ደንበኛ ወንበሩን ተሸክሞ ሲመጣ አገላብጦ ያየውና "ይቺን ማን ሰፋልህ?" ይላል። ሰውዬው አፉን ሳይከፍት ራሱ ይመልሳል፣ "ጠላትህ መሆን አለበት።" ደንበኛው ይስቃል፤ ሥራው ደግሞ እንከን አይወጣለትምና ተመልሶ ይመጣል። ወስፌ ግን አብሮ አይስቅም። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሰዎቹን ሳቅ እያስታወሰ ብቻውን ፈገግ ይላል፤ ያንን ደግሞ የሚያይለት የለም።

ሱቁ የጋራዦቹ መደዳ መጨረሻ ላይ ነው። ከፊት መስፊያው፣ ከኋላ መኖሪያው፤ በመካከል ያለው መጋረጃ ከአውቶቡስ ወንበር ጨርቅ የተረፈ ቁራጭ ነው። ቤቱ ውስጥ የወንበር ችግር የለም። የታክሲው፣ የአውቶቡሱ፣ የጭነት መኪናው ወንበር ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ሃያ እንግዳ ባንዴ ቢመጣ ሳይጨናነቅ ይቀመጣል። እንግዳ ግን አይመጣም። ወስፌ ሻይ የሚጠጣው ባለቤቱ ረስቶት በቀረ ባለ ሁለት ሰው የአውቶቡስ ወንበር ላይ ሲሆን፣ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በመስኮቱ በኩል ነው። መስኮት የለም፤ ልማድ ነው እንጂ። ከጎኑ፣ ሰው በሚቀመጥበት ላይ፣ ዳቦውን ያኖራል።

ሚስትም ልጅም የለውም። "ሳስብበት ዕድሜዬ ሄደ" ይላል ሲጠየቅ። እህቱ፣ እሱ እትዬ የሚላት፣ የምትለው ሌላ ነው፤ "አንተ እኮ ሴት ሲያስተዋውቁህ ፊቷን ትተህ የቀሚሷን ስፌት ነው የምታየው።" እትዬ እሁድ እሁድ ትደውላለች።

"በላህ?"

"በልቻለሁ።"

"ከማን ጋር?"

"ከአፌ ጋር።"

እሷ ትስቅና ዝም ትላለች፤ እሱም ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁለቱም የሚያስቡት ያንኑ ሰው ነው፤ ታናሽ ወንድማቸውን። ታናሹ በከተማዋ ሌላ ጫፍ ይኖራል፤ እሱም ወንበር ሰፊ ነው። ሁለቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቃል አልተለዋወጡም። እትዬ መጀመሪያ ሰሞን ልታስታርቅ ሞክራ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብላ ተወችው።

ነገሩ እንዲገባን ወደ ኋላ መመለስ አለብን። ሁለቱ ወንድማማቾች ሥራውን የተማሩት ከአንድ አለቃ ነው፤ አሁን ወስፌ ያለበት ሱቅ የሳቸው ነበር። ሰውዬው ቁጡ ነበሩ፤ ሁለት ሕግ ብቻ ነበራቸው። አንደኛው፣ ማንኛውም ሰፊ ክሩን ሲጨርስ ከወንበሩ ሥር፣ ሰው በማያይበት ቦታ፣ የራሱን ቋጠሮ ያስራል፤ ሥራው ቢበላሽ ባለቤቱ እንዲታወቅ። የወስፌ ቋጠሮ ሦስት ጊዜ የተጠመዘዘ ነው። የታናሹ እንደ ጥንቸል ጆሮ ወደ ላይ የቆመች ቀለበት አላት። ሁለተኛው ሕግ ከዚህ የሚወጣ ነው፤ "በቁሙ ያለ ሰው ስፌት አይፈታም" ይሉ ነበር። ስፌቱ ቢቀደድ፣ ቢጣመም፣ ባለቤቱ ተጠርቶ በእጁ ይፈታዋል። የሌላውን ስፌት መፍታት የሚቻለው ሰፊው ሲሞት ብቻ ነው። በቁሙ ያለውን የፈታ ሰው፣ ያ ሰው ለኔ ሞቷል እንዳለ ይቆጠር ነበር። የወንበር ሰፊዎች ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ቢስቅበት አይፈረድበትም።

ታዲያ ሁለቱ ገና ጺም ሳያበቅሉ አንድ የጥርስ ሐኪም አንዲት የጃፓን ስፖርት መኪና ነድተው ሱቁ ደጃፍ አቆሙ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ቀለሟ ብርቱካን። ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ሰው የሚገባባት ሳይሆን የሚለብሳት ትመስል ነበር። ፀሐይ የወንበሮቿን ቆዳ ሰነጣጥቆታል። አለቃው አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ ሁለቱን ልጆች አዩና "ሁለት ወንበር፣ ሁለት ወንድም" አሉ። የነጂው ለታላቁ፣ የጎኑ ለታናሹ ደረሰ። ያለ አለቃቸው እጅ የሠሩት የመጀመሪያ ሥራቸው ነበር። ሲጨርሱ አለቃው ዓይናቸውን ጨፍነው በሁለት መዳፍ ሁለቱን ወንበር ዳሰሱ፤ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃታቸው። ከሳቸው አፍ ይህን መስማት ምርቃት ነበር።

መኪናዋ ስትሄድ ሁለቱ ደጃፍ ቆመው አዩዋት። "ጋሼ" አለ ታናሹ፣ ታላቅ ወንድሙን ሲጠራ እንዲያ ነበር፣ "አንድ ቀን እንገዛታለን። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ከጎን ሆኜ መንገድ አሳይሃለሁ።"

ሁለቱም መንዳት አይችሉም ነበር፤ መንገዱንም አያውቁትም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ መኪና "የኛ" ሆና ቀረች። መንገድ ላይ ካዩዋት "የኛ አለፈች" ይባባሉ ነበር።

ጠቡ የመጣው አለቃው ከሞቱ በኋላ፣ ሱቁን ሁለቱ ይዘውት ሳለ ነው። አንድ ጠዋት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ገና ወር ያልሞላው ስፌት ተተርትሮበት፣ ወንበሩን ተሸክሞ እየጮኸ ገባ። ሱቁ በደንበኛ ሞልቷል። ወስፌ ወንበሩን ገልብጦ ቋጠሮውን ማየት ነበረበት። አላየም። "የታናሼ ሥራ ነው" አለ በሰው ፊት፣ "እጁ እንደ ልቡ ነው፤ አይጠብቅም።" ሰው ሳቀ። ታናሹ ወንበሩን ተቀብሎ ገለበጠው፤ ሥሩን አየ፤ ምንም ሳይናገር መልሶ መሬት ላይ አኖረው። ከዚያ መቀሱንና ወስፌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። ታላቁ ምሳ ሊበላ የወጣ መስሎት ነበር። ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ሊጠግን ሲገለብጠው ሦስት ጊዜ የተጠመዘዘ ቋጠሮ አገኘ። የራሱ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያን ዕለት ሄዶ "የኔ ነው፣ አጥፍቻለሁ" ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ነገ እሄዳለሁ አለ። በነጋታው ትንሽ ይብረድለት አለ። ሳምንት ሲያልፍ ሳምንት ሙሉ የት ነበርክ ቢለኝስ አለ። ወር ሲሆን ጭራሽ፣ እሱስ ለምን አይመጣም፣ ታናሽ አይደለም እንዴ አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። ታናሹ በከተማዋ ማዶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። እትዬ እንደምትለው "ጋሼ" ማለትም ቀርቶ "ያ ሰውዬ" ሆኗል። ወስፌ አንድ ጊዜ በታክሲ በዚያ በኩል ሲያልፍ የወንድሙን ሱቅ አይቶ ጫማውን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ብሎ አለፈ። ያደረገው ሸበጥ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን የሞተር ብስክሌቱን መቀመጫ ሊያሰፋ የመጣ ደላላ ተራውን እየጠበቀ ያወራል። "አንዲት አሮጌ የጃፓን ስፖርት መኪና ለሽያጭ ወጣች። ባለቤቷ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ አልችል አለ። ብርቱካን ነገር ናት። ማን ይገዛታል? ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው።"

ወስፌ ጣቱን ወጋው። ይህን ሁሉ ዓመት ሲሠራ ጣቱን የወጋበትን ቀን ማስታወስ አይችልም።

ለቤቱ ጣሪያ ብሎ ያስቀመጠውን አወጣ። ለደላላው በርካሽ ስለተገኘች ነው አለ። ለእትዬ ምንም አላለም። ለራሱ ግን እውነቱን ያውቀው ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት ኮርፎ፣ ባዶ እጁን የወንድሙ ደጃፍ ላይ መቆም አይችልም። አፉ ለመውጋት እንጂ ለይቅርታ አልተሠራም። መኪናዋን ግን ይዞ ቢሄድ፣ ደጃፉ ላይ ቢያቆማትና የጎኑን በር ቢከፍትለት፣ መናገር ላያስፈልገው ይችላል። ከዚህ በላይ የፈለገው ነገር የለም። ወንድሙ ይግባ፣ ከጎኑ ይቀመጥ፤ ሌላው ይቅር።

ወስፌና ደላላው ሐኪሙ ግቢ ሲደርሱ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሽማግሌው ሸራውን ቀስ ብለው ገፈፉት። ደላላው "ኮፈኑን ልክፈትልህ፣ ሞተሩን እይ እንጂ" ይላል፤ ወስፌ አይሰማውም። በሩን ከፍቶ ወንበሮቹን ነው የሚያየው። የነጂው ወንበር፣ የሱ ሥራ፣ ዳርና ዳሩ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል። የሰው ወገብ ሠላሳ ዓመት ሲወጣና ሲወርድበት ይህ የሚጠበቅ ነው። የጎኑ ወንበር ግን ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስላል፤ ቆዳው አዲስ፣ ስፌቱ አዲስ። እጁን ከሥሩ ሰደደ። ጣቱ አንዲት የቆመች ቀለበት ነካ። ጆሮዋ ቀጥ እንዳለች ነው።

"ስለዚያ ወንበር አንድ ነገር ልንገርህ" አሉ ሐኪሙ።

ወስፌ ፊቱ እንዳይታይበት ጀርባውን እንደሰጠ "ዶክተር፣ ስለ ወንበር ለኔ አይንገሩኝ" አለ፣ "እኔስ ስለ ጥርስ ልንገርዎት እንዴ?"

ደላላው ከት ብሎ ሳቀ። ሽማግሌውም ፈገግ አሉና ዝም አሉ፤ ጨዋ ሰው ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ወስፌ በዚያች ቀልድ ያፈሰሰውን ለመልቀም ምን ያህል እንደሚደክም ያን ጊዜ አላወቀም።

መኪናዋን ሱቁ ደጃፍ አቆማት። መንዳት የሚችለው የደንበኛ መኪና ወደ ውስጥ ለማስገባትና ለማስወጣት ያህል ነው፤ በመንገድ ሁለት ጊዜ ጠፍታበታለች። ከወረደ በኋላ ቆሞ ሁለቱን ወንበር ተመለከተ፤ ያኔ ነገሩ የገባው መሰለው። ወንድሙ እዚህች መኪና ጋ ደርሷል ማለት ነው። የራሱን ወንበር አዲስ አድርጓል፤ ከጎኑ ያለውን፣ የታላቅ ወንድሙን፣ እንደተቀደደ ትቶታል። ሰው ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አይቶ እንዲፈርድ ነው! የማን እጅ አይጠብቅም፣ የማን ይጠብቃል፣ ይኸው ተመልከቱ ማለቱ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ወስፌ በወንድሙ ቦታ ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ ሰው ደግሞ የሚጠረጥረው ራሱ የሚያደርገውን ነው።

መካኒኮቹም አላረፉለትም። "ወስፌ፣ የራስህን መቀመጫ ረሳኸው እንዴ?" ይሉታል በደጃፉ ሲያልፉ። "የጎኑንስ ለማን ነው ያሳመርከው? የምትደብቃት ሴት አለች መሰለኝ።" ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚመልሰው አያጣም ነበር። አሁን በሩን ገርበብ አድርጎ ይሠራል። የራሱን ወንበር መስፋት ይችል ነበር፤ እልህ ያዘው። አሁን ብሰፋው በውድድር የተሸነፍኩ ይመስላል አለ። መኪናዋ አንድ ወንበር አሳምራ አንድ ወንበር ቀድዳ እዚያው ቆመች።

እሁድ እትዬ ደወለች። "መኪና ገዛህ አሉ።"

"ማን አለ?"

"ወሬ እግር አለው። ለዚያኛውም ነገርኩት።"

ወስፌ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። "ምን አለ?"

"ምን ይላል፣ ዝም አለ። ብቻ 'ወንበሩን አይቶታል?' ብሎ ጠየቀኝ።"

ስልኩን እንዴት እንደዘጋው አያስታውስም። ወንበሩን አይቶታል! ልቡ አላረፈም፤ ዱላው መድረሱን ማረጋገጥ ይፈልጋል። የከሰዓቱ ፀሐይ በደጃፉ በኩል እስከ መጋረጃው ድረስ ገብቶ ነበር፤ ጋራዦቹ ዝግ ናቸው፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም። መፍቻ ያዘና የጎኑን ወንበር ብሎኖች ፈታ። ተሸክሞ አስገብቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ያቺ ጆሮ ቀጥ ብላ ታየዋለች። የአለቃው ድምፅ ትዝ አለው፤ ትዝ ሳይለው አላደረገውም። "ይሙት እንግዲህ" አለና ምላጩን አስገባ። ክሩ ጠንካራ ነበር፤ በጥንቃቄ የተጎተተ፣ አንድም ቦታ ያልላላ። ስፌቱ ሲፈታ ቆዳው ተላቀቀ፤ ስፖንጁ ተነሳ፤ በመጨረሻ የሽቦ ሞላው ባዶውን ቀረ። ሲጨርስ የሚሰማው ደስታ ይኖራል ብሎ ነበር። አልመጣም። አውቶቡስ ወንበሩ ላይ ሄዶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ዳቦ እንኳ አላኖረም፤ ከጎኑ ምንም አልነበረም።

በማግስቱ ሐኪሙ ደወሉ። "ሸራዋን ረስተህ ሄድክ፤ ዝናብ ሳይመጣ ውሰድላት።" ሄደ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ወንበር ስበው አስቀመጡት፣ ሻይም አመጡለት። ወንድሙን ማሰብ ሲሸሽ ውሎ ያደረ ሰው ወሬ ያስፈልገዋልና ተቀመጠ።

"ያን ቀን አልሰማህም ብለኸኝ እንጂ" አሉ ሐኪሙ፣ "የአደራ ነገር ነበረብኝ። እኔም ዕድሜ ነው፣ በቀልድ ስታልፈው ጊዜ ረሳሁት።"

"የምን አደራ?"

"አምና አንድ ሰፊ መጣ። መኪናዋን መንገድ ላይ አይቶ እስከ በሬ ተከተለኝ። ከጎን ያለውን ወንበር እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ በነፃ ላድስልዎት አለኝ። እዚሁ፣ ይኸው አንተ የተቀመጥክበት ላይ ሆኖ ሰፋው። እኔ ደግሞ የሚቀመጥበት ሰው የሌለውን ወንበር አድሰህ የኔን ቅዳጅ ትተዋለህ እንዴ፣ እሱንም ጨምርልኝ አልኩት። እንቢ አለ። 'ይሄኛው ባለቤት አለው፤ በቁሙ ያለ ሰው ስፌት አይፈታም' አለኝ። አልገባኝም። ሲሄድ ደግሞ ምን አለኝ መሰለህ? 'ባለቤቱ አንድ ቀን ይመጣል። ሲመጣ፣ የኔን ጨርሻለሁ፣ የቀረው የሱ ነው በሉልኝ።' ያ ሰው አንተ አይደለህም እንዴ? ወንበሩን ስትዳስስ አይቼህ ነበር።"

ወስፌ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ሽማግሌው ጨዋ ናቸው ብለናል፤ ወደ አትክልቱ ዞር ብለው የሚያዩ መሰሉ። ሰው ሲያለቅስ በጥርስ ሐኪምነታቸው ብዙ አይተዋል።

ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው የራሱን ወንበር መፍታት ነው። የራሱ ነውና ማንም አይከለክለውም። እስኪመሽ ሰፋው፤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አልሰፋም። ከሥሩ ሦስት ጊዜ የተጠመዘዘ ቋጠሮውን አሰረ። ከዚያ የወንድሙ ወንበር ፊት ቆመ።

አሁን ፈተናው መጣ። ቆዳው አለ፤ ምላጩ ክሩን እንጂ ቆዳውን አልነካውም። የመርፌው ቀዳዳዎች በቦታቸው ናቸው። ያንኑ ቀለም ክር በነዚያው ቀዳዳዎች ቢያሳልፍ፣ የወንድሙን አጎታተት ቢከተል፣ ማን ያውቃል? አለቃው እንኳ በመዳፋቸው ያልለዩት እጅ ነው። የቀረችው ያቺ ጆሮ ናት፤ እሷንም ልጅ ሆነው እየተቀላለዱ ስንት ጊዜ አስሯታል። መርፌውን ክር አበላና ቆዳውን ወጠረ። ሩብ ያህሉን ሰፋ። ቁርጥ የወንድሙ ነበር።

ያኔ የአውቶቡሱ ወንበር ትዝ አለው። ያን ቀንም ማንም አላወቀም። ያን ቀንም ገልብጦ አይቶ፣ መልሶ ገልብጦ፣ ዝም ብሎ ሰፋው። ያቺ ዝምታ ናት ወንድሙን ከቤቱ ያወጣችው፣ የጎኑን መቀመጫ ለዳቦ ያስቀረችው። ወስፌ መርፌውን አወጣ። የሰፋትን ሩብ መልሶ ፈታ፤ የራሱ ናትና መብቱ ነው። ቆዳውን በጥንቃቄ አጥፎ በጨርቅ ጠቀለለው። ሞላውን ባዶውን መልሶ መኪናዋ ላይ በብሎን አሰረው።

በነጋታው ረፋዱ ላይ ነዳ። ከጎኑ ሞላው በየጉድጓዱ ሲጮህ አብሮት የሚጓዝ የታመመ ሰው ይመስል ነበር። መንገዱን ማንንም አልጠየቀም። ነድቶበት ባያውቅም በሐሳቡ ሲመላለስበት ኖሯል።

ታናሹ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ የብስክሌት መቀመጫ ይወጥራል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ወስፌ ይህን ከእትዬም አልሰማም ነበር። ታናሹ ቀና ብሎ መኪናዋን አየ። ወንድሙን ያየ አይመስልም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተነሳና በነጂው በኩል መጣ። ወስፌ ወረደለት። ታናሹ አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ነዳው።

"ሰፋኸው።"

"ሰፋሁት።"

በአፍንጫዋ በኩል ዞሮ ወደ ጎኑ ወንበር ሄደ። በሩን ከፈተ። ቆሞ ቀረ።

"የኔስ?" አለ።

"ፈታሁት።"

"ማን ሞተ ብለህ?"

ወስፌ በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። እሱን ትቶ ጥቅሉን ከመኪናዋ አወጣ። "ሐኪሙ ሊነግሩኝ ሲሉ አፋቸውን ዘጋሁት" አለ። "የሰደብከኝ መሰለኝ። ቆዳው ይኸው፣ አልጎዳሁትም። ልሰፋው እችል ነበር። ቀዳዳው ነበረ። አልሰፋሁትም።" ጥቅሉን ዘረጋለት፤ ከዚያ ለዓመታት ያልተናገራትን ተናገረ። "የአውቶቡሱም ስፌት የኔ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ታናሹ። "ያኔውኑ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"አንተ እስክትለው ነዋ።"

ጥቅሉን ተቀበለው። ገለጥ አድርጎ ቀዳዳዎቹን አየ፣ አንዱን በጥፍሩ ነካ፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሱቁ ገባ። የቆርቆሮው መዝጊያ እስከ ግማሽ ሲወርድ ተሰማ።

እንግዲህ ይኸው ነው አለ ወስፌ በልቡ። ቢያንስ ተናግሬዋለሁ። ወደ ነጂው ወንበር ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፤ እንደ ልማዷ ሁለቴ አንገራግራ ተነሳች። ስፖኪዮው ውስጥ የራሱን ፊት አየና ወዲያ አዞረው። አሁን እንደሚሄድ፣ ሱቁን እንደሚከፍት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ሻዩን እንደሚጠጣ ታየው፤ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ታየው። ማርሹን አስገባ።

የጎኑ በር ተከፈተ። ታናሹ አራት ቦታ የታጠፈ ጆንያ ይዟል። ሞላው ላይ አነጠፈውና ጎንበስ ብሎ ገባ። ሞላው ጮኸ፤ ታናሹም ፊቱን አጨማደደ።

"ይወጋሃል" አለ ወስፌ።

"ከለመድኩት ቆየሁ።" ቀጥታ ወደ ፊት እያየ በሩን ዘጋው። "እስከ መታጠፊያው ብቻ ነው። ሥራ አለኝ።"

ወስፌ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀውና መኪናዋ ዘለለች። ዳቦ ቤቱን አለፉ፣ ፋርማሲውን አለፉ። ሁለቱም አይተያዩም፤ ይቺ መኪና ለዚህ ለዚህ ጥሩ ናት፣ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣ ዓይንን ወደ ፊት ታስይዛለች። መንገዱ አጭር ነበር። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ወስፌ እንደተባለው ፍሬኑን ረገጠ፤ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረና የበሩን መከፈት ጠበቀ።

በሩ አልተከፈተም።

"ምን ያቆምሃል ጋሼ?" አለው ታናሹ። "ወደ ግራ ታጠፍ እንጂ።"